መቁጠሪያ የያዘ እጅ

ኅዳር 17 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 2015)፣ ዓርብ ጠዋት፣ የናይሮቢው ካሳራኒ ስታዲየም በወጣቶች ተሞልቶ ነበር። የሚጠብቁት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስን ነው። አንዲት ወጣትና አንድ ወጣት ቆመው ጠየቋቸው። ስለ ጎሠኝነት ጠየቁ፣ ስለ ሙስና ጠየቁ፣ ወጣቱን ለጽንፈኞች አሳልፎ ስለሚሰጠው ተስፋ መቁረጥ ጠየቁ። ቁስሉ ገና አልጠገገም ነበር፤ ከስምንት ወር በፊት በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከ140 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ በታጣቂዎች ተገድለዋል።

ጳጳሱ ተጽፎ የተዘጋጀላቸውን ንግግር ወደ ጎን ትተው በአፍ መፍቻቸው በስፓኝኛ መለሱ። ጎሠኛ ማለት እጁን ወደ ኋላ ደብቆ በየመዳፉ ድንጋይ የጨበጠ ሰው ነው አሉ። ቀጥለውም ሁሉም ተነሥቶ እጅ ለእጅ እንዲያያዝ ጠየቁ፤ ሕዝቡም ተነሥቶ ተያያዘ። ሙስናን በስኳር መሰሉት፦ ይጣፍጣል፣ ይለመዳል፣ በመጨረሻ ግን ሰውንም ሀገርንም ታማሚ ያደርጋል። ተስፋ ስለ መቁረጥ ሲናገሩ ደግሞ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከትተው ሁለት ነገር አወጡ። አንዱ ትንሽ የፍኖተ መስቀል መጽሐፍ ነው። ሌላው መቁጠሪያ ነው።

ይህ መቁጠሪያ የራሱ በዓል አለው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የመቁጠሪያዋን እመቤታችንን በየዓመቱ ኦክቶበር 7 ቀን ታከብራለች፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 27 ላይ ይውላል። ለኢትዮጵያዊ ይህ ቀን እንግዳ አይደለም። ወርኀ ጽጌ በገባ በማግሥቱ ነው፤ ሊቃውንቱ ሌሊቱን ማኅሌተ ጽጌ ቆመው፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብጽ መሰደዷን በአበባ እየመሰሉ የሚያመሰግኑበት ወቅት። የላቲን ሥርዓት ምእመናንም መቁጠሪያውን ለእመቤታችን እንደሚቀርብ የጽጌረዳ ጉንጉን ያዩታል። አንዱ ከሌላው የተቀዳ አይደለም፤ ሁለቱም በየሀገራቸው አፈር በቅለው በአንድ ሰሞን የሚያብቡ ናቸው።

ጸሎቱ የተራ ሰው ጸሎት ነው። በገዳም ያሉ መነኮሳት መቶ ሃምሳውን መዝሙረ ዳዊት ሲያደርሱ፣ ማንበብ የማይችለው ገበሬና እረኛ ዳዊት መድገም አልሆነለትም። በምትኩ መቶ ሃምሳ ጊዜ በሰላመ ገብርኤልን እየደገመ የጌታንና የእናቱን ሕይወት ያሰላስል ነበር። ዛሬ በብዙ ሰው እጅ የሚታየው መቁጠሪያ 59 ፍሬ ያለው ሲሆን፣ የሚሰላሰሉት ምስጢራት ለዘመናት 15 ነበሩ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ2002 አምስት የብርሃን ምስጢራት ጨምረው 20 አደረጓቸው።

በዓሉ ግን የተወለደው በጦር ሜዳ ነው፤ ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ ለምእመናን አይጠቅምም። እሑድ ኦክቶበር 7 ቀን 1571 በግሪክ ጠረፍ፣ በሊፓንቶ አቅራቢያ፣ የስፔን፣ የቬኒስና የጳጳሱ መርከቦች የተባበሩበት ኃይል ከኦቶማን ባሕር ኃይል ጋር ተጋጠመ። በያንዳንዱ ወገን ከ200 በላይ መርከቦች ነበሩ። በዚያች አንዲት ቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። መርከቦቹን ከሚቀዝፉት ብዙዎቹ፣ በዚህም ወገን በዚያም፣ በሰንሰለት የታሰሩ ምርኮኞችና እስረኞች ነበሩ፤ ከኦቶማን መርከቦች ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ክርስቲያን ባሮች ነጻ ወጥተዋል። በኋላ የስፔን ሥነ ጽሑፍ ታላቅ ስም የሆነው ሚጌል ደ ሰርቫንቴስ በዚያ ውጊያ ላይ ነበር፤ የግራ እጁ ቆስላ ሽባ ሆና ቀረች።

በዚያው ዕለት በሮም የመቁጠሪያ ማኅበራት በዑደት ላይ ሆነው ይጸልዩ ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 5ኛ ድሉን ለእመቤታችን አማላጅነት ሰጥተው በዓመቱ የድል እመቤታችን መታሰቢያ እንዲከበር አዘዙ። እርሳቸውን የተኩት ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1573 በዓሉን የመቁጠሪያ በዓል ብለው ሰየሙት፤ ክሌመንጦስ 11ኛ በ1716 ለመላው የላቲን ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን አዳረሱት። ያም የሆነው በሃንጋሪ ምድር በኦቶማኖች ላይ ሌላ ድል ከተገኘ በኋላ ነው። ዛሬ የሚከበርበት ቋሚ ቀን በ1913 ተወሰነ።

ከድል ወደ መቁጠሪያ የተደረገው ይህ ለውጥ ቀላል ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን መዳን በሌላው ሽንፈት የሚለካ አለመሆኑን ቀስ በቀስ እየተማረች መጣች ቢባል ከእውነት አያርቅም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1965 ያደረጉት ነገር ለዚህ ይመሰክራል። ከሊፓንቶ ተማርኮ ለአራት መቶ ዓመታት ያህል የተቀመጠውን የኦቶማን ሰንደቅ ዓላማ ለቱርክ መለሱ። በዓሉ እንደ ቀድሞው ይከበራል፤ ምርኮው ግን ወደ ባለቤቱ ሄዷል።

ለዚህ ለውጥ ዋናው ምክንያት በራሱ በጸሎቱ ውስጥ አለ። መቁጠሪያ የሚደግም ሰው ከሚያሰላስላቸው 20 ምስጢራት አንድም የጦር ድል የለበትም። ሰይፍ የሚነሣው ሕፃኑ ወደ ቤተ መቅደስ በቀረበበት ምስጢር ነው፤ ያም ቢሆን ሽማግሌው ስምዖን በእናቲቱ ነፍስ ውስጥ እንደሚያልፍ የተነበየው የሐዘን ሰይፍ ነው። እውነተኛው ሰይፍ የተመዘዘው በጌቴሴማኒ ነው። ጴጥሮስ የሊቀ ካህናቱን አገልጋይ ጆሮ ሲቆርጥ፣ ጌታችን ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዝዞት የተቆረጠውን ጆሮ ዳስሶ ፈወሰ። ሊይዘው ለመጣ ጠላቱ! በመከራ ምስጢራት ላይ ፍሬውን እየቆጠረ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚመላለስ ምእመን፣ ከጸሎት ሲነሣ በጎረቤቱ ላይ እጁን ማንሣት እንዴት ይቀለዋል?

ወደ ናይሮቢ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1936 ኤዴል ኩዊን የምትባል የ29 ዓመት አየርላንዳዊት ወደዚህች ከተማ መጣች። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ነበረች። የመጣችው ስብሰባውን በመቁጠሪያ የሚከፍተውንና በ1921 ደብሊን ላይ የተመሠረተውን የማርያም ሠራዊት የተባለ የምእመናን ማኅበር ለማቋቋም ነበር። ያኔ ናይሮቢ የቅኝ ግዛት ከተማ ናት፤ ነጩ፣ ሕንዱና አፍሪካዊው በየሰፈሩ ተለያይቶ የሚኖርባት። ኤዴል በአሮጌ መኪና፣ በአስቸጋሪ መንገድ፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን እየዞረች ምእመናንን በጸሎትና በአገልግሎት አሰባሰበች፤ የታመመ ጠያቂ፣ የራቀውን ፈላጊ አደረገቻቸው። እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 1944 ናይሮቢ ውስጥ በ36 ዓመቷ ዐረፈች፤ መቃብሯም እዚያው በምሶንጋሪ ነው። ቤተ ክርስቲያን በ1994 ለቅድስና በሚያበቃ ተጋድሎ መኖሯን መስክራላታለች። ሠራዊት የተባለው ማኅበር መሣሪያው መቁጠሪያ፣ ዘመቻው የታመመ መጠየቅ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ስታዲየሙ ባለበት በካሳራኒ ሰፈር ዛሬ ይህ ጸሎት የሚኖረው ጁሙያ በሚባለው ትንሽ ክርስቲያናዊ ማኅበረሰብ ውስጥ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ1976 ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው ለትናንሽ ክርስቲያናዊ ማኅበረሰቦች ቅድሚያ ከሰጡ ወዲህ፣ በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ካቶሊካውያን በየቤቱ እየተገናኙ ይጸልያሉ። የመቁጠሪያ ወር በሆነው በኦክቶበር ደግሞ ጸሎቱ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። በምዊኪ መንገድ ግራና ቀኝ በተደረደሩት ፎቆች፣ በአንዷ ጠባብ ሳሎን፣ ወንበር ተበድረው፣ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ሕፃን አዝለው ይደግማሉ። አንዱ ዐሥርቱን፣ ማለትም ዐሥሩን በሰላመ ገብርኤል፣ ሲመራ ሌላው ይቀበላል፤ ቀጣዩን ዐሥርት ሌላ ሰው ይመራል። ጎሣ ሳይለይ የሉኦው ድምፅ የኪኩዩውን፣ የካምባዋ ድምፅ የሉያውን ይከተላል። መቁጠሪያ ለብቻ ሊደገም ይችላል፤ በጁሙያ ሲደገም ግን የጀመርከውን ጸሎት ጎረቤትህ ካልጨረሰልህ አይሞላም።

ፈተናው ከበር ውጭ ነው። በቲካ መንገድ ከሚመላለሱት፣ ማታቱ ከሚባሉት የሕዝብ ሚኒባሶች መስታወት ላይ መቁጠሪያ የተሰቀለባቸው አይጠፉም። ሰማዩ ደመን ብሎ ዝናብ ሲጥል፣ በዚያው ማታቱ ላይ ታሪፉ በአንዴ ይንራል፤ ተሳፋሪው አማራጭ የለውማ። ፖሊስ ሲያስቆም ኬንያውያን ኪቱ ኪዶጎ የሚሉት፣ ትንሽ ነገር ተብሎ የተሰየመው ጉቦ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። አከራዩ ቤት ሊያከራይ ሲል ከክፍያው አስቀድሞ የስምህን ጎሣ ይመረምራል። ሻጩ ኪሎውን በጣቱ ይረዳዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው እጅ ማታ መቁጠሪያ የሚይዘው ያው እጅ ነው፤ ጳጳሱ በካሳራኒ የተናገሩት ስኳርም ከዚህ ሌላ አይደለም። ሙስና ከቤተ መንግሥት ብቻ የሚወርድ የሚመስለው ሰው፣ መልሱን ሳይሰጥ ያስቀራትን ሃያ ሽልንግ ቢያስብ መልካም ነው።

ከዚህ የሚከብድም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ በተነሣው ግጭት በኬንያ ከ1,100 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ከገዳዮቹም ከሟቾቹም ብዙዎቹ የተጠመቁ ነበሩ። በኤፕሪል 2014 ደግሞ፣ በናይሮቢው ኢስሊ ሰፈር ከደረሰ የቦምብ ጥቃት በኋላ፣ ፖሊስ በዘመቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፍሶ ብዙዎቹን ያቆያቸው በዚሁ በካሳራኒ ስታዲየም ነበር። አብዛኞቹ ሶማሌዎች ናቸው፤ በስደተኝነት የተመዘገቡ፣ የኬንያ ዜግነት ያላቸውም ይገኙባቸዋል። ጥቃቱ እውነተኛ ነበር፤ የሕዝቡ ፍርሃትም እንዲሁ። ነገር ግን ሰው ባደረገው ሳይሆን በመልኩና በመጣበት ወገን ሲታፈስ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው በእስር ሲያድሩ፣ በዙሪያው ባሉት ቤቶች መቁጠሪያ ይደገም ነበር። የጸሎቱ እመቤት ራሷ ሄሮድስን ሸሽታ፣ በባዕድ ሀገር፣ ሕፃን ታቅፋ ያደረች ናት። ፍራንቸስኮስ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ወጣቶቹን እጅ ለእጅ ያያያዙት በዚያው ግቢ ነው።

በባዕድ ሀገር በስጋት ማደርን ኢትዮጵያውያንም ጠንቅቀው ያውቁታል። በናይሮቢ ለዓመታት የኖሩ፣ የስደተኛ ወረቀታቸውን እንደ ዐይናቸው ብሌን የሚጠብቁ፣ ሌሊት በር ሲንኳኳ የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። ከነርሱም ኦርቶዶክሱ ጽጌን ይጾማል፣ ካቶሊኩ መቁጠሪያውን ይደግማል፣ ሙስሊሙም ሙስበሃውን ይዞ ዚክር ያደርጋል። በአንድ ደረጃ ወጥተው በአንድ ኮሪደር የሚያልፉ ጎረቤታሞች ናቸው። ይሁንና ሀገር ቤት ብሔር ከብሔር የተቧቀሰበት ወሬ በስልክ በደረሰ ቁጥር፣ በዚያ ኮሪደር ሰላምታ መነፋፈግ ይታያል፤ ድንበር ተሻግሮ አብሮ የተሰደደው ድንጋይ ከመዳፍ አልወጣም ማለት ነው። ኬንያዊው ጎሣ የሚጠይቀውን ያህል ኢትዮጵያዊውም የሀገሩን ልጅ ዘር ይጠይቃል፤ የጳጳሱ ስብከት ለአስተናጋጁም ለእንግዳውም እኩል ይደርሳል።

ስለዚህ ኦክቶበር ሲመጣ በየጁሙያው የሚዘጋጀውን የቤቶች ዝርዝር አንድ ጊዜ አጥብቆ ማየት ተገቢ ነው። ሰኞ በማን ቤት፣ ማክሰኞ በማን ቤት ይጸለያል? የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ቤት ብቻ ተደርድሮ ከሆነ፣ አምና የተጣላችው ሴት ቤት ከተዘለለ፣ ሳሎኗ ጠባብ ናት ተብላ የልብስ አጣቢዋ ክፍል ከተረሳች፣ ወይም ቋንቋ አይችልም ተብሎ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ስደተኛ ካልተጠየቀ፣ ዝርዝሩ ገና አላለቀም። ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አንሥቶ እነዚያን በሮች ይጨምር፤ ከጸሎቱ ሰሞን በፊትም ራሱ ሄዶ ያንኳኳቸው።