በሩን ያልከፈትኩበት ሌሊት

 

ሰው በልቡ ብቻ ያሰበው መጥፎ ግምት ያስጠይቀዋል? በሐዲሱ እንደመጣው፣ ካልተናገርነው ወይም ካልሠራንበት አላህ ያልፈናል። ይህን ባስተማርኩ ቁጥር አንድ ጎረቤቴ ትዝ ይለኛል።

ደሴ ነው፤ ኅዳር 2014። ከተማዋ በጦርነቱ ተይዛለች። መብራት የለም፣ ስልክ የለም። ጎረቤቴ ባለሱቅ ነው። ጫት ይቅማል፤ መስጂድ የምናየው በዒድ በዒድ ነው። "ይሄ ሰው ከዱንያው በቀር ለማንም አይሆንም" ብዬ ደምድሜ ነበር። በልቤ ብቻ ቢቀር ጥሩ። ለተማሪዎቼም ተናግሬያለሁ።

አንድ ሌሊት የግቢያችን በር ተንኳኳ። ተኩስ ይሰማል። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቁጭ አልኩ። አልከፈትኩም። ሲነጋ ሰማሁ፤ ያንኳኳው እሱ ነበር። ምጥ የያዛትን ጎረቤታችንን (ክርስቲያን ናት) አዋላጅ ነርስ ቤት ለማድረስ የሚሸከም ሰው ፈልጎ ነው። ሰው ሲያጣ በዕቃ መጫኛ ጋሪው ብቻውን እየገፋ አደረሳት።

ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ በጦር ሜዳ ሸሃዳ ያለውን ሰው "ከፍርሃት ነው" ብሎ ሲገድለው፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልቡን ሰንጥቀህ አይተሃል ወይ ብለው ገሰፁት። እኔ የጎረቤቴንም የራሴንም ልብ ያየሁ መስሎኝ ኖሯል።

የሰው ሐቅ በተውበት ብቻ አይወርድም። ሄጄ አውፍ በለኝ አልኩት።

"አብሽር ኡስታዝ፣ እኔም እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር" አለኝ።

ከሱቁ ደጃፍ ፊታቸውን አዙረው የሚያልፉ ተማሪዎቼ ግን ዛሬም አሉ።