ልክና ሕሊና

አንድ ሙያተኛ ማንም የማያየውን ሥራ አጥርቶ እንዲሠራ የሚያስገድደው ምንድን ነው? ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ለዚህ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ሕሊና የሚል ነው፤ ሕሊና ያለው ሰው በጨለማም በብርሃንም አንድ ነው ይባላል። መልሱ ያምራል። ይሁን እንጂ ያረጀ የቮልስዋገን ሞተር አውርዶ፣ ፈታትቶ እንደገና ለሚገጥም ሰው ብቻውን በቂ ሆኖ አይገኝም።

ቮልስ ለአገራችን አንባቢ ባዕድ አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥታቸው ይዛ የወጣችው እርሷ ነበረች። ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተመረተች በኋላ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች፤ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ግን ዛሬም ትታያለች። ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ ሲሆን፣ አካሉ ለሁለት ይከፈላል። የክራንክ ሻፍቱ መቀመጫ በሁለቱ ግማሾች ላይ የተቦረቦረው በአንድነት ስለሆነ፣ የአንዱን ሞተር ግማሽ ከሌላው ጋር ማጋባት አይገባም።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከመግጠም ሳይሆን ከማጠብ ነው። ሞተሩ ለምን እንደሞተ ሳይጠየቅ በቤንዚን ይታጠባል፤ በብሮንዚናው ላይ የነበረው ጭረት ሳይመረመር፣ በዘይቱ ውስጥ የነበረው የብረት ብናኝ ምስክርነቱን ሳይሰጥ ይሄዳል። ከ1971 ሞዴል በፊት በተሠሩት ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ 3ኛው ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ ስለሚከልል፣ ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፤ የጭስ ማውጫ ቫልቩም ለጉዳት ይጋለጣል። የተቃጠለውን ቫልቭ ለውጦ የነፋሱን መንገድ ያልመረመረ መካኒክ ውጤቱን አስወግዶ መንስኤውን በቦታው ትቶታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የብሮንዚናዎቹ ጉዳይ ነው። በሞተሩ አካል ላይ ትንንሽ የብረት ካስማዎች አሉ፤ ዋናዎቹ ብሮንዚናዎች ከነዚህ ጋር የሚገጥሙ ቀዳዳዎች አሏቸው። አንዱ ቀዳዳ ካስማውን ሳያገኝ ሁለቱ ግማሾች ተጋጥመው ዳዶዎቹ ቢጠብቁ፣ ካስማው ብሮንዚናውን ይጎደጉደዋል፤ ክራንክ ሻፍቱም በእጅ ሲዞር ይከብዳል። በዚህ ጊዜ «ሲሠራ ይላላል» የሚል ማጽናኛ ይመጣል።

ይህን የሚል ሰው ሕሊና ቢስ ነውን? አይመስለኝም። ባለመኪናውን ለማታለል አላሰበም፤ ያለውንም በቅንነት ያምናል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሕሊና የሚወቅሰው ያወቀውን ሰው ነው፤ ይህ ሰው ደግሞ ላለማወቅ መርጧል። ምርጫ ነው ማለቴ ማወቂያው በእጁ ስለነበረ ነው፤ ዳዶዎቹን ጥቂት በጥቂት እያጠበቀ ክራንክ ሻፍቱን በየጊዜው በእጁ ቢያዞር ኖሮ ብረቱ ራሱ ይነግረው ነበር። ነገሩት እንጂ፤ ለመስማት ግን ፈትቶ እንደገና መክፈት ይጠይቅ ነበር።

የክራንክ ሻፍቱ የፊትና የኋላ እንቅስቃሴ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ የሚስተካከለውም ከፍላይ ዊሉ በስተጀርባ በሚገቡ ሦስት ስስ ቀለበቶች ነው። አውራ ጣት ይህን ልዩነት አይለይም። የሠላሳ ዓመት ልምድ ያለው አውራ ጣትም አይለይም። ልምድ የት መለካት እንደሚገባ ያሳያል እንጂ ልኩን አይተካም።

መለዋወጫ በማይገኝበት አገር ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። እጥረቱ እውነት ነው። ነገር ግን ለክቶ «ይህ ከወሰኑ አልፏል፤ ሌላ ስላጣሁ መልሼ ገጥሜዋለሁ» ብሎ ለባለንብረቱ የሚነግር ሙያተኛና ሳይለካ «ደህና ነው» የሚል ሙያተኛ ያንኑ አሮጌ ዕቃ ቢገጥሙም አንድ ሥራ አልሠሩም። የመጀመሪያው ድህነቱን ከባለንብረቱ ጋር ተካፍሏል፤ ሁለተኛው ግን ደብቆታል። (ቀለሙን አሳምሮ ሞተሩን የረሳ ባለመኪናም ከዚህ ፍርድ ነጻ አይደለም፤ ስለ ቅርጽና ይዘት የሚከራከሩ አርቲስቶቻችን ነገሩን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።)

ሞተሩ ተዘግቶ 2.5 ሊትር ዘይቱን ይጠጣል። የወረቀት ማጣሪያ የለውም፤ ያለው የሽቦ ወንፊት ነው። ክራንክ ሻፍቱ ሲሞረድ በዘይት ቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረ ብናኝ ቢኖር፣ ወንፊቱ ዘንድ ሳይደርስ በቀጥታ ወደ ብሮንዚናው ይገባል። ባለመኪናው በዚያ ቀን ከጋራዡ በር ላይ ቆሞ የሚሰማው የሞተሩን ድምፅ ብቻ ነው፤ ድምፁም ለጊዜው መልካም ነው።