መጀመሪያ ጭነቱን፣ ቀጥሎ ቁመቱን

ልጄ፣ ፒክአፕህን ዝቅ ልታደርጋት መቁረጥህን ሰማሁ። የምጽፍልህ ልከለክልህ አይደለም። እዚህ ሎስ አንጀለስ ውስጥ መኪና ዝቅ ማድረግ እንደ ጎረምሳ ቅብጠት ብቻ ሲወራ ደስ አይለኝም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ የሜክሲኮ ተወላጅ ወጣቶች መኪናው ኋላ ላይ የአሸዋ ከረጢት እየጫኑ፣ ሞላ እየቆረጡ የጀመሩት የእጅ ጥበብ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች የሚወርድ አካል ያለው መኪና እንዳይነዳ በሕግ ከለከለች። ሮን አጊሬ የሚባል ሰው ደግሞ በ1959 ኮርቬቱ ላይ ሃይድሮሊክ ገጠመና እንዳሻው ከፍና ዝቅ የምትል አደረጋት። ክልከላው የተነሣው ገና በ2024 መግቢያ ነው። ሰዎች ተከሰውም ተቀጥተውም ያቆዩት ጥበብ ነውና አክብረህ ግባበት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋል አባቶች፤ አንተም ቸርኬ ከመምረጥህ በፊት ከመኪናዋ ሥር ገብተህ ምን ከምን ጋር እንደተያያዘ ተማር።

ያንተዋ የ1995 ሸቭሮሌት ሲ1500 ናት፤ በኋላ ጎማ ብቻ የምትነዳ፣ ፊቷ በሞላ፣ ኋላዋ በባሌስትራ የቆመች። ይህ መልካም ነው፤ ለሥራው የምትመች መኪና ናት። ነገር ግን ቅዳሜ አምራ የምትታየው መኪና ሰኞ ጠዋት ጤፍና እንጀራ ጭና ፌርፋክስ ላይ ወዳሉት የሐበሻ ሱቆች የምትሄደው ናት። ሌላ መኪና የለህም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ ስትመርጥ «ሰኞ ጭነት ሲያርፍባት ይህ ነገር ምን ይሆናል?» ብለህ ጠይቅ። ወንድሞችህ «ስንት ኢንች ልታወርዳት ነው?» እያሉ ይጠይቁህ ይሆናል፤ ያ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው መልስ በሾፌሩ በር መቃን ላይ ተለጥፏል። እዚያ መኪናዋ ከነጭነቷ ልትመዝን የሚፈቀድላት ከፍተኛው ክብደትና እያንዳንዱ አክስል የሚችለው ተጽፎልሃል። ነዳጅ ሞልተህ፣ ራስህም ተቀምጠህ፣ የከባድ መኪና ማረፊያዎች ካሏቸው ሚዛኖች አንዱ ላይ ባዶዋን አስመዝናት። ልዩነቱ የምትጭነው ነው። የትኛውም ዕቃ ያንን ቁጥር ከፍ አያደርገውም። አክስሉና ሻንሲው መካከል የሚገባው የአየር ከረጢት እንኳ ኋላዋ እንዳይዘቅጥ ያግዛል እንጂ አክስሉን፣ ፍሬኑንና ጎማውን አያጠነክርም።

ከዚያ ሜትር ያዝ። ሜዳ ላይ አቁመህ፣ የጎማውን ንፋስ አስተካክለህ፣ በአራቱም ማዕዘን ከጎማው መሐል በላዩ እስካለው የመከላከያ ጠርዝ ለካ። ኋላ ደግሞ አክስሉ ሻንሲውን እንዳይመታ የሚያስቆመው ላስቲክ ከአክስሉ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ አንዴ ባዶዋን፣ አንዴ የሰኞ ጭነትህን ጭነህ ለካና ጻፈው። ዝቅ ስታደርጋት የምትቀንሰው ይህንን ክፍተት ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ፒክአፕ ከፋብሪካ ስትወጣ ኋላዋ ከፍ ያለ ነው፤ ጭነት ሲያርፍባት እንድትስተካከል ታስቦ። ስለዚህ ነው የዚህ አገር ልጆች «2/4» የሚሉት፤ ፊት 2 ኢንች፣ ኋላ 4 ኢንች። በሴንቲሜትር 5 እና 10 ገደማ ነው። ለአንተ ሥራ ከዚህ ባታልፍ እመርጣለሁ። ከዚያ በታች ልውረድ ካልክ አክስሉ ወደ ላይ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያጥረዋል፤ ሻንሲውን ከአክስሉ በላይ በግማሽ ክብ ቆርጦ በወፍራም ብረት ማጠናከር ይመጣል። ሥራው በሚችል ብየዳ ባለሙያ እጅ ጥሩ ሥራ ነው። ለሚጭን መኪና ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ፊቷን በሁለት መንገድ ማውረድ ትችላለህ። አንዱ አጭር ሞላ ነው፤ ዋጋው ዝቅ ይላል። ሞላው ሲያጥር ግን ጎማውን የያዙት የላይኛውና የታችኛው ክንዶች ማዕዘናቸው ይለወጣል፤ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ያዘነብልና የውስጥ ጠርዙ ብቻውን ያልቃል። መንገድ ላይ ጉድጓድ ሲያጋጥምህም የሚታጠፍበት ርቀት ቀንሷል። ሁለተኛው ስፒንድሉን መቀየር ነው። ዝቅ ለማድረግ የተሠራው ስፒንድል የጎማው ማዕከል የሚያርፍበትን ቦታ 2 ኢንች ወደ ላይ ያደርገዋል፤ ሞላህ የፋብሪካው ሞላ ሆኖ ይቀራል፣ ክንዶቹም በነበሩበት ማዕዘን ይቆያሉ፣ አነዳዷም ብዙ አይለወጥም። ለሚሠራ መኪና ስፒንድሉን ምረጥ፤ ገንዘቡ ካልበቃህ ቆይተህ አጠራቅም። ቸርኬህ 15 ኢንች ከሆነ ግን ከመግዛትህ በፊት ሻጩን ጠይቅ፤ ከአንዳንድ ስፒንድል ጋር ይነካካል።

ሦስተኛ መንገድ የሚነግርህ ሰው ይኖራል፤ ሞላውን በመጋዝ ቁረጠው ወይም በእሳት አሙቀህ አስተኛው የሚል። በእሳት የሞቀ ሞላ ጥንካሬውን ያጣል፤ የተቆረጠውም ይደነድናል፣ መኪናዋን ክሪክ ሲያነሣት ከማረፊያው ሊላቀቅ ይችላል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው በራሷ አሳጠረች ተብሏል። የጥንቶቹ ሞላ የቆረጡት ሌላ የሚገዛ ዕቃ ባልነበረበት ዘመን ነው፤ ዛሬ ግን አለ።

ኋላዋ ላይ ጊዜ ወስደህ አስብ። የባሌስትራውን መያዣና ማንጠልጠያ የሚቀይረው ኪት ላንተ የሚስማማው ነው፤ 4 ኢንች ያወርድልሃል፣ ባሌስትራህም ያው የፋብሪካው ይሆናል። ሥራው አድካሚ ነው፤ የፋብሪካው መያዣ ሻንሲው ላይ በሪቬት የተመታ ስለሆነ ሪቬቱን ፈጭቶ ማውጣት ግድ ይላል። በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሚገባው ብሎክ ላንተ አይሆንም፤ አክስልህ ከባሌስትራው ሥር ስለሆነ ብሎኩ መኪናዋን ከፍ ያደርጋታል እንጂ አያወርዳትም። አክስሉን ከባሌስትራው ሥር አውጥቶ ከላዩ የሚያስቀምጠው ኪት 6 ኢንች ገደማ ያወርዳል፤ እርሱ ያ የሻንሲ ቆረጣ ወዳለበት መንደር የሚወስድህ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል፤ ችግሩ የሚጀምረው ግን እዚህ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ የወረደች መኪናም የምትቆመው ዕቃዎቿ ሲስማሙ ነው። የፋብሪካው አሞርቲዘር ለአዲሱ ቁመት ረዝሞ ቶሎ ወለል ይመታና ይበላሻል፤ ለዝቅታው የተለካ አጭር ግዛ። መምቻ ላስቲኩንም በአጭሩ ቀይረው፤ ፈጽሞ አታውጣው፣ ጭነት ላይ የሚያድንህ እርሱ ነው። የኋላ አክስሉ ሲነሣ ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ የሚገባበት ማዕዘን ይለወጣል፤ በፍሪዌይ ፍጥነት መቀመጫህ ሥር መንቀጥቀጥ ከተሰማህ ከዚያ ነው። ማዕዘኑን ከመፍታትህ በፊት በመለኪያ ለካና ያዝ፤ ከተዛባ በስንጥር ብረት ይስተካከላል። ኋላዋ ከፊቷ በላይ ስለምትወርድ መብራቷ ወደ ሰማይ ያያል፤ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ታጠፋለህና በዚያው ቀን አስተካክለው።

ጓደኛህ የቆየች ቶዮታ ፒክአፕ አለችው ብለኸኛል። ለእርሱ ይህን ንገረው፦ ብዙዎቹ ላይ ሻንሲውንና የኋላ አክስሉን የሚያገናኝ ዘንግ ያለው የፍሬን ቫልቭ አለ። የጭነቱን ብዛት የሚያውቀው በቁመቱ ነው። ኋላዋን ካወረዳት ቫልቩ ጭነት ያለ ይመስለውና ለኋላ ጎማ ፍሬን ያበዛል፤ እርጥብ መንገድ ላይ ባዶዋን ኋላዋ ይቆለፋል። ዘንጉ እንደገና መስተካከል አለበት።

ሥራውን ስትጀምር በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር አትግባ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ክሪክም ሰውን አያስጥልም፣ ሻንሲውን በብረት መቆሚያ ላይ አሳርፈው። የፊት ሞላ ታጥፎ የተቀመጠ ኃይል ነው፤ ማጠፊያ መሣሪያውን ሳትይዝ የታችኛውን ክንድ አትፍታ፣ በሰንሰለትም እሰረው። ይህንን ብቻህን አታድርግ፤ እኔ አለሁ።

ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ብሎኖች አሮጌዎቹን መልሰህ አትጠቀም፤ አንዴ ተስበው ጠብቀዋል፣ አዲስ ግዛ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በቶርክ ቁልፍ አጥብቅ፣ ጥቂት ቀን ነድተህ፣ ጭነህም ሞክረህ፣ ሁሉንም ደግመህ አጥብቅ። አላይመንት የሚደረገው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሞላውና ባሌስትራው ቦታቸውን ሳይዙ የተደረገ አላይመንት ገንዘብ መጣል ነው። ለኢንሹራንስህም ለውጡን አሳውቅ።

አሁን ምንም አትግዛ። የበሩን ሰሌዳ ፎቶ፣ የሚዛኑን ወረቀትና የለካኸውን ቁጥር ይዘህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ና፤ ካታሎጉን አብረን እናያለን።