ምንነትና አድራሻ

የአንድ ነገር ምንነት የሚያበቃው የት ነው፣ የቆመበት ቦታስ የሚጀምረው ከየት ነው የሚለው ጥያቄ ፈላስፎችን ለረጅም ዘመን ያከራከረ ሲሆን፣ አርስቶትል ስለ ነገሮች ሊባል የሚችለውን ሁሉ በዐሥር ምድብ ሲከፍል ቦታን ከባሕርይ ለይቶ፣ ባሕርዩ ሳይናጋ ሊለዋወጥ ከሚችለው ወገን አስቀምጦታል። ከ980 እስከ 1037 እ.ኤ.አ. የኖረው ኢብን ሲና ደግሞ ልዩነቱን አጥብቆ፣ የፈረስ ምንነት ፈረስነት ብቻ እንደሆነ፣ አንድ ወይም ብዙ መሆን፣ በውጭ ወይም በሐሳብ መገኘት በምንነቱ ውስጥ እንደማይካተት፣ ህልውናም ከሌላ የሚሰጠው ነገር እንደሆነ አስተምሯል።

ይህን የቆየ ክፍፍል የሰርቨር ፕሮግራም ጸሐፊዎች፣ ምናልባትም ሳያስቡት፣ የዕለት ተዕለት ሥርዓት አድርገውታል። የአካባቢ ቅንብር የሚባለው አንድ ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር ካስነሣው ፕሮግራም የሚረከበው የስሞችና የዋጋዎች ዝርዝር ሲሆን፣ አሠራሩ በ1979 እ.ኤ.አ. በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም የተዋወቀ ነው፤ ወራሹ የሚቀበለው ቅጂ ስለሆነ በእጁ ያለውን ቢለውጥ ወላጁን አይነካም፣ ወላጁ ከጊዜ በኋላ የሚለውጠውም ወደ ወራሹ አይደርስም። በ2011 እ.ኤ.አ. በሂሮኩ ኩባንያ ይሠራ የነበረው አዳም ዊጊንስ ያዘጋጃቸው ዐሥራ ሁለት መርሖች፣ ከቦታ ቦታ የሚለያይ ነገር ሁሉ ከኮዱ ወጥቶ በዚህ ዝርዝር እንዲቀመጥ ይጠይቃሉ፤ መፈተኛውም ኮዱ አሁኑኑ ለሁሉ ቢገለጥ ምስጢር ይወጣል ወይ የሚል ነው። ፈተናው ከሚመስለው በላይ ጥልቅ ነው፤ ምንነት ለዓለም ቢገለጥ ምንም እንደማይጎድልበት፣ የሚጠበቀው ግን ከሌላ የተሰጠው ቁልፍ እንደሆነ ያሳያልና። ያ ቁልፍ በአማርኛ አደራ፣ በሶማልኛ አማኖ የሚባለው ዓይነት ነገር ነው፤ ቁርኣን በአንኒሳእ ምዕራፍ ለባለቤቱ እንዲመለስ የሚያዘውም ይህንኑ ነው።

ክፍፍሉ የሚፈተነው ግን ፕሮግራሙ የቀጥታ ግንኙነት ሰርቨር ሲሆን ነው። ተራው የድር ሰርቨር ተጠይቆ፣ መልሶ ጉዳዩን የሚዘጋ ሲሆን፣ ደንቡ በ2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የታተመው ዌብሶኬት ግን ደንበኛውና ሰርቨሩ አንድ ጊዜ ከተጨባበጡ በኋላ መስመሩን ክፍት ይተወዋል፣ ሁለቱም ሳይጠየቁ እንዲናገሩ። መጨባበጡ የሚጸናው ሰርቨሩ ደንበኛው ከላከው ቁልፍ ያሰላውን መልስ 101 ከሚለው ቁጥር ጋር ሲመልስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰርቨር ከቅንብሩ የሚያነባቸው፣ የሚያዳምጥበት አድራሻ፣ የፖርት ቁጥር፣ ጥሪያቸውን የሚቀበላቸው ድረ ገጾች ዝርዝር፣ ሁሉም በአርስቶትል አከፋፈል የቦታ ወገን ይመስላሉ። ሆኖም አድራሻው 127.0.0.1 ተብሎ ቢጻፍ ሰርቨሩ ከዚያው ኮምፒውተር የሚነሣን ጥሪ ብቻ ይሰማል፤ ኮዱ አንዲት ስሕተት ሳይኖርበት፣ ሌሎችን ለማገናኘት የተሠራው ነገር ለራሱ ብቻ የሚናገር ይሆናል። ሥራው ሰሚን የሚሻ ነገር ሰሚ በሌለበት ምንነቱ ሙሉ ነው ብሎ መከራከር የሚቻል ቢሆንም፣ ክርክሩ አያሳምንም፤ አርስቶትል ራሱም ዝምድናን ሌላ ምድብ ያደረገው አንደኛው ወገን ብቻውን ሊሸከመው ስለማይችል ነው። ለቀጥታ ግንኙነት ሰርቨር አድራሻ ልብስ ሳይሆን ከአካሉ አንዱ ክፍል ነው ማለት ይቀላል።

ከሶማሊላንድ ዋና ከተማ ከሐርጌሳ ወረዳዎች አንዷ በሆነችው በኮድቡር እንዲህ ያለ ሰርቨር ተተክሎ፣ መልእክቶቹ የደረሱበትን ሰዓት በአካባቢው አቆጣጠር እንዲመዘግብ የሰዓት ቀጠናው ይሞላ ቢባል፣ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። በአርተር ዴቪድ ኦልሰን የተጀመረውና አብዛኞቹ ሰርቨሮች የሚመሩበት የሰዓት ቀጠና መዝገብ ቦታዎችን የሚጠራው በአህጉርና በከተማ ስም ነው፤ «አፍሪካ/ሐርጌሳ» የሚል ግን በውስጡ የለም። «አፍሪካ/ሞቃዲሾ» አለ፣ «አፍሪካ/አዲስ አበባ»ም አለ፤ ሁለቱም ወደ «አፍሪካ/ናይሮቢ» የሚመሩ ሲሆን፣ ሁሉም ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በሦስት ሰዓት ይቀድማሉ። (ሰዓትን ከንጋት የሚቆጥር የአማርኛ አንባቢ አንድ ሰዓት የሚለውን ማሽኑ 7 ቢለው ሁለቱም አልተሳሳቱም።) ሶማሊላንድ ሜይ 18 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. ነፃነቷን ብታውጅም፣ ስልኳ የሚጠራው ለሶማሊያ በተመደበው 252 መለያ ነው፤ ሰርቨሩም እንደዚሁ ሰዓቱን የሚያውቀው በራሱ ከተማ ስም ሳይሆን በሌላ ከተማ ስም ነው።

ለማሽኑ ከእነዚህ ስሞች የትኛውም ቢጻፍ ልዩነት የለውም፤ ስሌቱ እስከ ሰከንዷ አንድ ነው። ለሚጽፈው ሰው ግን ሞቃዲሾ ብሎ መጻፍና ናይሮቢ ብሎ መጻፍ አንድ ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ ከምንነትና ከቦታ ሌላ፣ ኢብን ሲናን ለፈረስ ያላስፈለገው ሦስተኛ ነገር እዚህ ይገኛል፤ እርሱም ነገሩ በሌሎች መዝገብ የሚጠራበት ስም ነው፤ ከውስጡ አልወጣም፣ ከቆመበት መሬትም አልበቀለም። የመዝገቡ መመሪያ በበኩሉ ስለ ነፃነትም ስለ ዕውቅናም ፍርድ ከመስጠት ይሸሻል፤ ቀጠናዎችን የሚለየው ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሰዓት አቆጣጠር በመለያየታቸው ሲሆን፣ የሐርጌሳ ሰዓት ደግሞ ከሞቃዲሾም፣ ከአዲስ አበባም፣ ከናይሮቢም ጋር እኩል ይቆጥራል።