ልጅ ያቦካው

ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ እስከ ዊትወርዝ ድራይቭ ያለው አጭር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ይጠራል። ምግብ ቤቶቹን፣ የእንጀራና የበርበሬ መደብሮቹን የማያውቅ የከተማው ሐበሻ ጥቂት ነው። ከመንገዱ በታች ስላለው ነገር ግን ብዙ አይወራም። ጎዳናውን ይዞ ትንሽ ወደ ሰሜን ሲኬድ፣ ፌርፋክስ ከሦስተኛው መንገድ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የወተት ላሞች እርባታ ነበር። ባለቤቱ ውሃ ሲያስቆፍር ነዳጅ አገኘ። ላሞቹ ሄዱ፤ የቁፋሮ ማማዎች ተተከሉ። ቆይቶም ማማዎቹ ተነሥተው በቦታው ቤትና ሱቅ ተሠራ። ጋዙ ግን ከሥር ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1985 እዚያው አጠገብ ባለ አንድ የልብስ መደብር ውስጥ የተጠራቀመ ሚቴን ፈንድቶ 23 ሰዎች ቆሰሉ።

ወላጆቻቸው በዚህ ጎዳና የሚነግዱ፣ የሚያስተናግዱ ወይም ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ ሊገዙ የሚመጡ ብዙ ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራሉ። እነዚህ ልጆች አሁን አዲስ ነገር እንዲማሩ በሕግ ታዟል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የካሊፎርኒያ ገዥ ጋቪን ኒውሰም የፈረሙት ሕግ ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባለው የሳይንስ ትምህርት ውስጥ የአየር ንብረት ለውጥ መንስኤና ውጤት፣ እንዲሁም ለውጡን የማቃለያና የመላመጃ መንገዶች እንዲካተቱ ይጠይቃል። ኒው ጀርሲ ከዚያ ቀድማ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ተመሳሳይ ውሳኔ አሳልፋለች። ውሳኔውን የሚያመሰግነው ብዙ ነው፤ ምስጋናውም ተገቢ ነው። ከምስጋናው ሥር ግን አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ። ዓለም እየሞቀች መሆኗን፣ በማሞቁ ምንም እጅ ለሌለው የስድስት ዓመት ልጅ መንገር ምን መስጠት ነው? እውቀት ነው ወይስ ዕዳ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የትምህርት ባለሙያ ዴቪድ ሶቤል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ትናንሽ ልጆችን በጥፋት ወሬ ማጥለቅለቅ ተፈጥሮን እንዲፈሩ እንጂ እንዲወዱ አያደርግም ሲል ተከራክሯል። ልጅ አስቀድሞ ቅጠሉንና ነፍሳቱን ይልመድ፤ አድን የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው የሚል ሐሳብ ነው። ፈላስፋዋ ሐና አረንት ደግሞ ጉዳዩን ከዚህ ጠለቅ አድርጋ አይታው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 በሊትል ሮክ ከተማ ጥቁር ተማሪዎች በወታደር ታጅበው የነጮች ብቻ ወደነበረው ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ አረንት አዋቂዎች ያልፈቱትን ችግር ልጆች እንዲፈቱት መላካቸውን ተቃወመች። በትምህርት ላይ በጻፈችው ሌላ ድርሰቷም መምህር በልጅ ፊት ሲቆም ለዓለም ኃላፊነት የወሰደ ሰው ሆኖ መቆም እንዳለበት ታስረዳለች። ዓለምን እሱ ባይሠራት፣ እንዲያውም ሌላ ብትሆንለት ቢመኝ እንኳ፣ «ዓለማችን ይህች ናት» ብሎ ማሳየት የሱ ድርሻ ነው። ይህን ኃላፊነት የማይወስድ ሰው ልጅ ማሳደግም ማስተማርም የለበትም ባይ ናት።

በዚህ ዓይን ሲታይ የአየር ንብረት ትምህርት ያስፈራል። ነዳጁን ያወጡት፣ መንገዱን ያሰፉት፣ ሕጉን ያዘገዩት አዋቂዎች ናቸው። ልጁ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ «የወደፊቱ ተስፋ አንተ ነህ» ሲባል የሚሰማው ምስጋና ይመስላል፤ በተግባር ግን ርክክብ ነው። ያበላሹት ያስረክባሉ፣ ያላበላሸው ይረከባል።

ሆኖም አረንት ስለ ሊትል ሮክ የጻፈችው መልስ አግኝቷል። ደራሲው ራልፍ ኤሊሰን የጥቁር ወላጆችን ሁኔታ እንዳልተረዳች ተናገረ። እነዚያ ወላጆች ልጆቻቸውን የላኩት ሸክማቸውን ለማራገፍ አልነበረም። ልጆቹ ቀድሞውኑ በዚያ አስፈሪ ዓለም ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ ስለዚህ ፍርሃቱን ፊት ለፊት ማየትና መቋቋም መማር ነበረባቸው። አረንት በኋላ ለኤሊሰን በጻፈችለት ደብዳቤ ይህን አለመረዳቷን አምናለች። በዘመኑ ከነበሩት ክርክሮች ውስጥ በእንዲህ ያለ ቅንነት የተዘጉት ብዙ አይደሉም።

የሎስ አንጀለስ ልጅም ጉዳይ ለኤሊሰን የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በፓሊሴድስና በአልታዲና ሰደድ እሳት ሲነሣ፣ የከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሙሉ በጭሱና በነፋሱ ምክንያት ተዘጉ። በፓሊሴድስ ሁለት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወደሙ። በእነዚያ ቀናት መስኮት ተዘግቶበት ቤት የዋለ፣ ደረቱን ይዞ የሳለ፣ የክፍል ጓደኛው ቤት መቃጠሉን የሰማ ልጅ ፊት «ገና ትንሽ ነው፣ አናስፈራው» ማለት አይሠራም። ፈርቷል። የጎደለው ማብራሪያ ነው። ዝም ያለ አዋቂ ልጁን ከፍርሃት አያድነውም፤ ከፍርሃቱ ጋር ብቻውን ይተወዋል።

እንግዲህ ሁለቱም በየፊናቸው ልክ ናቸው። አረንት ስለ ሸክሙ፣ ኤሊሰን ስለ እውቀቱ። ልጁ ማወቅ አለበት፤ ዕዳው ግን የሱ አይደለም። ችግሩ ትምህርት ቤት እነዚህን ሁለት ነገሮች አዘውትሮ ማገላበጡ ነው። እውቀቱን ቀንሶ ሸክሙን ይጨምራል።

እንዴት እንደሚገላበጥ ለማየት ከትንሿ ኢትዮጵያ ተነሥቶ ኦሎምፒክ ቡሌቫርድን ይዞ ወደ ምዕራብ ጥቂት ማይል መንዳት ይበቃል። የቤቨርሊ ሂልስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በግቢው ለብዙ አሥርት ዓመታት ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል፤ ትምህርት ቤቱም ከሽያጩ ድርሻ ያገኝ ነበር። ወደ ሚሊኒየሙ መባቻ የቁፋሮው ማማ ከላይ እስከ ታች በአበባ ሥዕል ተሸፈነ። አበቦቹን የቀለሙት በከባድ ሕመም ሆስፒታል የተኙ ልጆች ነበሩ። ማማው «የተስፋ ማማ» ተባለ። ሥዕሉን ያሰቡት ሰዎች ለታመሙት ልጆች ደስታ ሊሰጡ ማሰባቸውን መጠራጠር አያስፈልግም። ማማው ግን አበባውን ለብሶ ነዳጅ መቅዳቱን ቀጠለ። ጉድጓዶቹ አሁን ተዘግተዋል። ምሳሌነታቸው ግን አላበቃም። ልጆች እንዲያስውቡት የሚሰጣቸው፣ እንዲጠይቁት ግን የማይፈቀድላቸው ነገር ሁሉ የዚያ ማማ ዘመድ ነው። ውሃ ቆጥቡ የሚል ፖስተር፣ ፕላስቲክ የመለየት ውድድር፣ የምድር ቀን መዝሙር በራሳቸው ክፋት የለባቸውም። ትምህርቱ እዚያ ላይ ሲያበቃ ግን ቀለም ቅብ ይሆናል።

ይህ የአሜሪካ ጉድለት ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጎ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ አድርጓል። ካሊፎርኒያ ሕጓን ከማውጣቷ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድሞ መሆኑ ነው። ዛሬ ፌርፋክስ ላይ ልጅ ከሚያሳድጉ ወላጆች መካከል ያንን ትምህርት የተማሩ አሉ። ትምህርቱ ስለ አፈር መሸርሸር፣ ስለ ደን መመናመን፣ ስለ ውሃ ንጽህና ይናገር ነበር፤ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባ ሰሜን፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ የምትማር አንዲት ልጅ እናስብ። እናቷ ጎሕ ሳይቀድ እንጦጦ ወጥታ ከቁመቷ የሚበልጥ የማገዶ ሸክም ተሸክማ የምትወርድ ሴት ናት። ልጅቱ ክፍል ገብታ ደን የሚጠፋው ሰዎች ዛፍ ስለሚቆርጡ ነው ብላ ትጽፋለች፤ መልሱም ልክ ነው ይባልላታል። በዚያ ቀን የተማረችው በእናቷ ማፈርን ነው። ከተማዋ ለምን በማገዶ እንደምትኖር፣ ኤሌክትሪኩ ለማን እንደሚደርስ፣ ከሸክሙ ማን እንደሚያተርፍ ግን አልተነገራትም። ሎስ አንጀለስም እንጦጦም የሚታየው ጥፋት አንድ ነው፤ ትምህርቱ ጣቱን የሚቀስረው በትንሹ እጅ ላይ ነው።

በዚያው አገር ሌላ ዓይነት ትምህርትም አለ። በደቡብ ጎንደር ሜዳው ተራቁቶ ሳለ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ጥቅጥቅ ያለ ደን ቀርቷል። በ«እመጓ» ደራሲነቱ አንባቢ የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ነው፤ እነዚህን ደኖችም ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ከብት ገብቶ ችግኙን እንዳይበላ በብዙ ቦታ የድንጋይ ካብ ተክቧል። የዚያ አጥቢያ ልጅ ዛፉ እንደማይቆረጥ በመጽሐፍ አልተማረም። አባቱ ሳይቆርጥ አይቷል፤ ካቡን ሲክብም አይቷል። መከልከሉ ከሱ አልጀመረም፤ አዋቂዎቹ አስቀድመው ራሳቸውን ከልክለዋል። እርግጥ ያው አዋቂ ከካቡ ውጭ ያለውን ሜዳ አራቁቶ ሊሆን ይችላል፤ ደኑን ገነት አድርጎ መሳል አይገባም። ቢሆንም አንድ ነገር ያሳያል። ልጅ የሚያምነው ትምህርት የሚያስተምረው ሰው አስቀድሞ ዋጋ የከፈለበትን ነው።

ታዲያ በካሊፎርኒያ ክፍል ውስጥ እውቀትን ያለ ዕዳ ማስተማር ምን ይመስላል? አንድ ዛፍ ብቻ እንውሰድ። ባሕር ዛፍ የሁለቱም አገር እንግዳ ነው፤ ሁለቱም ዘንድ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። ወደ ካሊፎርኒያ በወርቅ ፍለጋው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ገባ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለጣውላና ለባቡር ሐዲድ አግዳሚ ያዋጣል ተብሎ በሰፊው ተተከለ፤ እንጨቱ ሲደርቅ የሚጣመምና የሚሰነጠቅ ሆነና ገንዘባቸውን ያፈሰሱት ከሰሩ። ዛፉ ቀረ፤ ዛሬ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው ተብሎ ይፈራል። ወደ አዲስ አበባ ደግሞ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ገባ። ማገዶ አልቆ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ማዛወር ታስቦ ሳለ፣ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ባለችበት አቆያት። አፈሩንና ውሃውን ይጎዳል የሚለው ክርክርም አብሮት ኖረ። የአሥር ዓመት ልጅ ይህን ታሪክ በሚገባ ይረዳል። ማን አመጣው? ለምን? ማን ተጠቀመ? ማን ከፈለ? ልጁ እዚህ ውስጥ ጥፋተኛ አይደለም፤ አዳኝም አይደለም። የሚጠይቅ ሰው ነው። ቤት ሲገባም አያቱን የሚጠይቃት ነገር አለው፤ እሷም ለፋብሪካና ለኬሚስትሪ እንግዳ ብትሆን ለባሕር ዛፍ አይደለችም።

የጠያቂነቱ ነገር ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢም መድረስ አለበት። የሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤቶች ብዙ ግቢ በአስፋልት የተሸፈነ ነው፤ በሙቀት ቀን አስፋልቱ ይግላል፣ ጥላ የለም። የትምህርት ቦርዱ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳለፈው ውሳኔ እስከ 2035 ድረስ የየግቢው ቢያንስ 30 በመቶ አረንጓዴ እንዲሆን አልሟል። ስሌቱን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል። በዚያው ዓመት አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሳይደግም ከሄደ 12ኛ ክፍልን የሚጨርሰው በ2034 ነው። ግቡ ቢሳካ እንኳ የቀን ገደቡ ሲደርስ ልጁ ከግቢው ወጥቷል። በዚያው 2022 የከተማው ምክር ቤት አዲስ የነዳጅ ቁፋሮን ለመከልከልና ነባሩን በ20 ዓመት ውስጥ ለመዝጋት ድምፅ ሰጠ፤ በ2024 ደግሞ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ስለ ሙቀት የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን ወደ መስኮቱ ወስዶ አስፋልቱን ካላሳያቸው፣ «ይህን ማን ነው የሚወስነው?» ሲሉትም የቦርዱን ስብሰባ ቀንና ቦታ ካልነገራቸው፣ ትምህርቱ ከግማሽ በታች ቀርቷል።

እዚህ ላይ የሐበሻ ወላጅ የራሱ ፈተና አለው። መምህርን ማክበር፣ ልጅን «በትልቅ ሰው ነገር አትግባ» ማለት ጨዋነት ሆኖ ያደገ ሰው፣ ልጁ አዋቂን በጥያቄ ሲያፋጥጥ ድፍረት ይመስለዋል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረትም ልጅን ዝም ለማሰኘት ሲያገለግል ኖሯል። ተረቱ ግን በደንብ ከተሰማ የሚገሥጸው አዋቂውን ነው። ልጅ ያቦካው ለራት ካልበቃ፣ ሊጡን ለልጅ ትቶ ራት የሚጠብቅ ማነው? አገር የሚያክል ሊጥ በሰባት ዓመት ልጅ እጅ አስገብቶ «ተስፋችን አንተ ነህ» ማለት ራት እንደማይደርስ እያወቁ መቀመጥ ነው።

የአካባቢ ትምህርት ወደ ክፍል መግባቱ ጥሩ ነው፤ ሕጉም ይጽና። የትምህርቱ ልክ መመዘን ያለበት ግን ልጁ ስንት ጠርሙስ እንደለየ ወይም ስንት ችግኝ እንደተከለ በመቁጠር አይደለም። ልጁ ቤት ሲገባ፣ ግቢ ሲወጣ፣ ፌርፋክስ ላይ ሲራመድ ማንን ምን መጠየቅ እንደሚችል አውቋል ወይ ተብሎ ነው። ሲጠይቅም የሚመልስለት አዋቂ መኖር አለበት። ያን አዋቂ ማዘጋጀት በ1ኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ አይካተትም፤ ሥራው የወላጁ፣ የመምህሩና በቦርዱ ወንበር የተቀመጠው ሰው ነው።