አትጎትቱት

ልጆቼ፣ ዳላስና ሂዩስተን አካባቢ ያላችሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ከሥራ ባልደረቦቻችሁ ጋር ለአሳማ አደን ገጠር መውጣት እንደጀመራችሁ እሰማለሁ። ሥጋውን መብላት አለመብላት የእናንተና የንስሐ አባታችሁ ጉዳይ ነው፤ አልገባበትም። ገበሬው የዘራውን በአንድ ሌሊት ገልብጦ የሚያድር አውሬ መሆኑን ግን አውቃለሁ። ኤርናንዶ ዴ ሶቶ የተባለ ስፔናዊ በ1539 አሳማ ይዞ ፍሎሪዳ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ከየጋጣው ያመለጠው እየተራባ ዛሬ በቴክሳስ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ከ2019 ወዲህ ደግሞ በግል መሬት ላይ ባለቤቱ እስከፈቀደ ድረስ የአደን ፈቃድ አይጠየቅም። ፈቃዱ ቢቀርም አደጋው አልቀረም።

በዚህ አደን ሁለት ዓይነት ውሻ ይሰማራል። አንደኛው አሳማውን አሳዶ፣ ከቦና ጮኾ ያቆመዋል። ሁለተኛው፣ «ካች ዶግ» የሚሉት፣ ጆሮውን ወይም ጉንጩን ነክሶ ይይዛል። አሜሪካን ቡልዶግ፣ ፒትቡል፣ በአርጀንቲና ኮርዶባ ዶክተር አንቶኒዮ ኖሬስ ማርቲኔስ ያዳቀለው ዶጎ አርጀንቲኖ ከዚህ ወገን ናቸው። የእነዚህ ውሾች መንጋጋ ይቆለፋል ሲባል ብትሰሙ አትመኑ፤ መንጋጋቸው የማንኛውም ውሻ መንጋጋ ነው። የማይለቁት ሰው ለዚሁ ብሎ ትውልድ በትውልድ መርጦ ስላራባቸው ነው። ስለዚህ አልለቅ ያለ ውሻ አላመፀም፤ የተላከበትን ሥራ እየሠራ ነው።

ጀማሪ መጀመሪያ የሚያደርገው መጎተት ነው። ወደ ኋላ የተጎተተ ውሻ አጥብቆ ይነክሳል፤ ሥጋ ይቀደዳል፣ የውሻውም ጥርስ ይሰበራል። ዱላና እርግጫም ያው ነው፤ ውሻው አሳማው የመታው ይመስለውና ይብሳል። ጣታችሁን ወደ አፉ መስደድማ በጭራሽ።

አሳማው ሳይጣልና ሳይያዝ ውሻውን ለማስለቀቅ አትሞክሩ። አንዱ ሰው የኋላ እግሮቹን አንስቶ በጎኑ ይጥለውና በጉልበቱ ይጫነዋል፤ እዚያው ይገደላል ወይም ይታሰራል። ጭንቅላቱ ነፃ የሆነ አሳማ ክራንቻው ምላጭ ነው፤ ውሻው በለቀቀው ቅጽበት የሚያገኘው እናንተን ነው። ለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ብቻውን ወጥቶ ያዥ ውሻ የሚለቅን ሰው እኔ ጎበዝ አልለውም።

መሣሪያው «ብሬክ ስቲክ» ይባላል፤ ከአንድ ስንዝር ብዙም የማይበልጥ፣ ጫፉ እንደ ሽብልቅ የሳሳ ጠንካራ እንጨት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ነው። ብረት ጥርስ ስለሚሰብር ጠመንጃ መፍቻ (ካቻቢቴ) አይተካውም። በገመድ ቀበቷችሁ ላይ እሰሩት፤ መኪና ውስጥ የተረሳ ብሬክ ስቲክ ምንም አይሠራም። ውሻውም እጅ የሚገባበት ሰፊና ጠንካራ የአንገት ማሰሪያ ይኑረው።

ከኋላው ሆናችሁ ውሻውን በሁለት እግሮቻችሁ መሃል አስገቡና ወገቡን በጉልበታችሁ ጥብቅ አድርጉ። በግራ እጃችሁ የአንገቱን ማሰሪያ ከማጅራቱ በኩል ያዙ። በቀኝ እጃችሁ እንጨቱን ከአፉ ጎን፣ ከክራንቻው ኋላ ጥርሶቹ በሚራራቁበት ቦታ አስገቡ። ገፋ አድርጋችሁ ካስገባችሁ በኋላ የሞተር ብስክሌት ነዳጅ እንደምትሰጡ ጠምዝዙት። አፉ የሚከፈተው ለአፍታ ነው፤ በዚያችው አፍታ በአንገት ማሰሪያው ወደ ላይና ወደ ኋላ አንሱት። ጉልበታችሁን አታላሉ፤ ተመልሶ መንከስ ይፈልጋልና ፊቱን አዙራችሁ ወዲያው በገመድ እሰሩት፣ ከዚያም አርቁት። አንዳንዶች የአንገት ማሰሪያውን ጠምዝዘው ትንፋሽ በማሳጠር ያስለቅቃሉ። ይሠራል፤ እኔ ግን እንጨቱ ከሌለና ሌላ መንገድ ካልተገኘ በቀር አልመክረውም።

ይህ እንጨት ነክሶ ለሚቆይ ውሻ ብቻ ነው። ቤት ያለው የጀርመን እረኛ ውሻችሁ ከሌላ ውሻ ጋር ቢጣላ አትሞክሩት፤ እንዲህ ያለው ውሻ እየነከሰ ይለቃል፣ እየለቀቀ ይነክሳል፤ ዞሮ እጃችሁን ይይዛል።

«ልቀቅ» የሚለውንም ትእዛዝ ከቡችላነቱ አስተምሩት። ገመድ እያስነከሳችሁ ስትጫወቱ በድንገት እጃችሁን ቀጥ አድርጉ፤ ገመዱ ሲቆም ጨዋታው ይደብረዋል፣ ይለቃል። የለቀቀ ጊዜ አመስግኑትና ገመዱን መልሱለት። መልቀቅ መነጠቅ እንዳልሆነ የገባው ውሻ ለባለቤቱ ይቀልለዋል። ቃሉ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቢሆን ለእሱ ያው ነው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ አንዱን ይጠቀም እንጂ። አሳማ ነክሶ ሳለ ይሰማችኋል ብዬ ግን ቃል አልገባላችሁም።

ሲያበቃ ድዱን፣ ጥርሱን፣ ደረቱንና ብብቱን ፈትሹ፤ የአሳማ ክራንቻ ከላይ ጠባብ፣ ከውስጥ ጥልቅ ቁስል ያቆስላል። አሳማውን ያለ ጓንት አትገንጥሉ፣ ብሩሴሎሲስ ወደ ሰው ይተላለፋል። ለውሻውም ጥሬ ሥጋ አትስጡት፤ ሰውን እምብዛም የማይነካ፣ ውሻን ግን የሚገድል ሱዶሬቢስ የተባለ በሽታ ከዱር አሳማ ይይዘዋል።

በግርግሩ ውሻው እናንተን ከነከሰ ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አገር ቤት ለእረፍት ስትሄዱ የመንደር ውሻ ቢነክሳችሁም እንዲሁ ነው። ጠበል መጠመቅን የሚከለክላችሁ የለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን ምልክቱ ከታየ በኋላ አይደርስም።