ወደ ግቢያችን የገባ አውሬና የምንፈርድበት ጎረቤት

ጉጉት ከጣራ ላይ ስትጮኽ «ሞት ሊገባ ነው» የሚል አለ። ጅብ አጥር ለአጥር ሲዞር ያደረ እንደ ሆነም «ይህስ የዱር ጅብ አይደለም፤ ሰው ነው» ተብሎ በሹክሹክታ ይነገራል። እንዲህ ያለውን አባባል ያልሰማ ምእመን በመካከላችን ይኖራል ብለን አንገምትም። ስለዚህ ልንጠይቅ ይገባናል፤ ወደ ቤታችን የመጣ አውሬ መልእክት ይዞ ይመጣልን? ይዞ ይመጣል ብለን ብናምንስ፣ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው?

ለመጀመሪያው ጥያቄ የሐረር ከተማ መልስ ትሰጠናለች። በብዙ የሰሜን ገጠሮቻችን ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ ይፈራል፤ በሐረር ግን ሰዎች ማታ ማታ ለጅብ ሥጋ ያጎርሱታል፤ ክፉ መንፈስን ከከተማይቱ ያስወግዳል ይሉታልም። አውሬው አንድ ሲሆን ትርጓሜው ሁለትና ተቃራኒ ነው። ምልክቱ በእንስሳው ላይ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ስፍራ አንድ ሆኖ በተነበበ ነበር።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28ም ይህንኑ ያስተምረናል። በመላጥያ ደሴት እፉኝት ከጭራሮው ወጥታ የጳውሎስን እጅ በያዘች ጊዜ፣ ሰዎቹ ነፍሰ ገዳይ ነው ብለው ፈረዱበት፤ ብዙ ጊዜ ጠብቀው ምንም እንዳልሆነ ባዩ ጊዜ ደግሞ አምላክ ነው አሉ። በአንዲት እፉኝት ሁለት ፍርድ፣ ሁለቱም ሐሰት!

አውሬ ወደ መንደር የሚመጣው በራሱ ምክንያት ነው። ጉጉት አይጥ ፍለጋ ትመጣለች። በትግራይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዐቢይ ጾም የሥጋ ቤት ትርፍራፊ ሲያንስ ጅቦች አህያ ወደ ማደን ያዘነብላሉ። እንግዲህ በጾም ወራት ጅብ በረት ቢደፍር ምክንያቱ ረኃብ እንጂ የጎረቤት ዓይን አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። ዕዳውን የሚከፍሉት ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ ናቸው፤ ቤተ እስራኤላውያንም በጎንደር አገር ሲኖሩ በዚሁ ስም ተንቀዋል። እርሷ የሠራችው እንስራ በቤታችን ውኃ ይይዛል፤ እርሱ የቀጠቀጠው ማረሻ እርሻችንን ያርሳል፤ ከልጆቻቸው ጋር መጋባትን ግን እንሸሻለን። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2116 ገድና ምልክት መተርጎምን የሚከለክለው ከፊተኛይቱ ትእዛዝ ጋር ስለሚቃረን ነው። እኛ ግን በዚያ ሳንወሰን ስምንተኛይቱንም እናፈርሳለን፤ በባልንጀራችን ላይ በሐሰት እንመሰክራለንና።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በሚፈሩት እናቶችና አባቶች አንሣቅባቸው። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው፤ ጅብም በእርግጥ ይጎዳል። አጥር ማጥበቅ፣ አጥንትና ጥራጊ መቅበር፣ ሲመሽ ልጆችን ማስገባት ጥንቃቄ ነው እንጂ እምነት ማጣት አይደለም። በተለይ ቀበሮ ወይም ሌላ አውሬ ሰውን ሳይፈራ በቀን ግቢ ቢገባ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በጠንቋይ ደጅ የሚባክን ቀን ሕይወት ያስከፍላል።

አውሬው ሲነጋ ወደ ዱሩ ይመለሳል። በጎረቤታችን ላይ የተናገርነው ክፉ ቃል ግን ከመንደሩ አይወጣም፤ ለልጅ ልጆቹ ይተርፋል። ይልቁንስ እርሱን እንፍራ።